ሀዋሳ ላይ በድሮ ሆቴል ጸጥ ብሎ ለማደር

ሀዋሳ ለእረፍት ሄዳችሁ ሌሊቱን ሙሉ ዲጄ ስታዳምጡ ካደራችሁ፣ ጥፋቱ የሆቴሉ ላይሆን ይችላል። የቀኑ ነው። ሰው መጀመሪያ ሆቴል ይመርጥና ከዚያ ቀን ይቆርጣል። ለድሮ ሆቴል ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ ክፍሉ፣ የሆቴሉ ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል።

የድሮ ሆቴል ስል ደግሞ አታካብዱት። ሀዋሳ እንደ ሐረር ወይም እንደ ጎንደር የጥንት ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው ከተማ መሆን የጀመረችው፤ ስትቆረቆር ስማቸው የሚነሳውም ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው። ስለዚህ እዚህ «ታሪካዊ» የሚባለው የጃንሆይ ዘመን፣ ግፋ ቢል የደርግ ዘመን ቤት ነው። ዝቅ ያለ ግንባታ፣ ሰፊ ግቢ፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ረጅም በረንዳ፣ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ ጦጣ። ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ሲባል የወላጆቻችን ፊት የሚበራው ለዚህ ነው። አዲሶቹ ባለ መስታወት ፎቆች ሊፍት አላቸው፣ ዋይፋያቸውም ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ግቢ ግን ብዙዎቹ የላቸውም።

አሁን ወደ ቀኑ። ሀዋሳ ላይ ሆቴል የሚሞላው ስልጠናና ሰርግ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስልጠናው ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ኤንጂኦውም «የአቅም ግንባታ» ብሎ ወይ አዳማ ወይ ሀዋሳ ይወርዳል፣ በተለይ ሰኔ ላይ በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ያልተነካውን ገንዘብ ለመጨረስ ሩጫው ስለሚበዛ በሰኔ ባዶ ክፍል ፍለጋ አትድከሙ። ሠልጣኝ ግን ቢያንስ ቀን አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ማታም አበሉን ይዞ ከተማ ይወጣል። የሚከፋው ቅዳሜና እሁድ ነው። ሰፊ ግቢና ዛፍ ያለው የድሮ ሆቴል ለሰርግ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይፈለጋል፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላማ ሙሽራና ካሜራ ማን ሳይጋፋችሁ በረንዳ ላይ ቡና መጠጣት ይከብዳል።

የእኔ ምርጫ ሁዳዴ ነው። ኦርቶዶክሱ አይጋባም፣ የማታውም ጭፈራ ይቀዘቅዛል። ሀዋሳ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ ሰርግ ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን በግልጽ ይቀንሳል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከየአቅጣጫው ምእመን ይጎርፋል። ፍቼ ጫምባላላም እንደዚያው፤ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብት የሚያነቡ አዋቂዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለያያል። በእነዚህ ቀናት የምትሄዱ ከሆነ ለበዓሉ ሂዱ። ደስ ይላል፤ ጸጥታ ግን አትጠብቁ።

ስልክ ስትደውሉ «ክፍል አለ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። «ቅዳሜ ግቢያችሁ ውስጥ ሰርግ አለ? አዳራሹ ተይዟል? ሙዚቃው ስንት ሰዓት ይቆማል?» በሏቸው። «ችግር የለም» ከተባላችሁ መልስ አላገኛችሁም፣ ደግማችሁ ጠይቁ።

ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ይሄ ነውር አይደለም፤ ቁልፍ ይዞ የሚያሳያችሁ ሰው ሁልጊዜ አለ። የመጀመሪያውን ካያችሁ በኋላ «ሌላ አሳዩኝ» በሉ፣ በድሮ ሆቴል ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ራሱ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፣ አንዱ ታድሶ አንዱ ሳይታደስ ቀርቶ ይሆናልና። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው በሐይቁ በኩል ነው። ወደ ሐይቁ የዞረ ክፍል ማታ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ሲጠብሰው ይውላል። ከሰዓት የመተኛት ልማድ ካላችሁ ወደ ዛፎቹ የዞረውን ውሰዱ። ከዚያ ጄኔሬተሩ የት እንዳለ ጠይቁ። መብራት መጥፋቱ አይቀርም፣ ያ ነገር ከመስኮታችሁ ሥር ከተነሳ ደግሞ እንቅልፍ የለም።

ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ሻወሩን ክፈቱት፣ የሽንት ቤቱን ውኃ ልቀቁት። አልጋው ላይ ቁጭ በሉ። ቦይለሩ መሥራቱን እዩ፤ ውኃው እስኪሞቅ ጊዜ ስለሚወስድ ከመታጠባችሁ ቀደም ብላችሁ አብሩት። አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ፣ ሀዋሳ ወባ አለ። የመስኮቱ መቀርቀሪያ በደንብ መያዙንም አረጋግጡ፣ ለሌባ ብቻ አይደለም፣ ለጦጣም ጭምር። ሙዝ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ከወጣችሁ ስትመለሱ ክፍሉን አታውቁትም። ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ ጨዋ ነው፣ ዛፉ ላይ ሆኖ ያያችኋል እንጂ አይዳፈርም። ቀማኛዋ ጦጣ ናት።

ሌሊቱ ፍጹም ዝም ይላል ብላችሁም አታስቡ። ንጋት ላይ ቅዳሴውም አዛኑም በድምፅ ማጉያ ይደርሳችኋል፣ ወፎቹም ይጨመሩበታል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ለጆሯችሁ ጥጥ ያዙ።

በድሮ ሆቴል ትልቁ ሀብት ሠራተኞቹ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን እዚያው የሠሩ አስተናጋጆች ታገኛላችሁ፤ «አንተ!» ብላችሁ በጭብጨባ አትጥሩ። «ጋሼ፣ እስቲ የትኛው ክፍል ነው ጸጥ የሚለው?» ብትሏቸው ሪሴፕሽን ያለው ልጅ የማያውቀውን ይነግሯችኋል። ማን አድሮበት እንደነበር፣ ሐይቁ ድሮ እስከየት ይደርስ እንደነበርም ይጨምሩላችኋል። እውነትና ማጋነኑን መለየት የእናንተ ፈንታ ነው፣ እኔ በበኩሌ ሁለቱንም እወዳለሁ።

መስተንግዶው ቀርፋፋ ነው። ይሄን ከመጀመሪያው ተቀበሉት። ምሳ በ7 ሰዓት ከፈለጋችሁ በ6 ሰዓት እዘዙ፤ ቁርስ ደግሞ ማታውኑ ተናግራችሁ ተኙ። ሜኑው ላይ ያለው ሁሉ ወጥ ቤት የለም፣ ስለዚህ «ዛሬ ምን አላችሁ?» ብሎ መጀመር ይቀላል። ከሐይቁ የሚወጣው የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ወይም የዓሣ ዱለት ካለ ሌላ አታስቡ። ከሌለ ሚኔስትሮኒና ኮቶሌት አለ፤ ጣሊያን 5 ዓመት ተቀምጦ ሄደ፣ የሆቴል ሜኑአችን ላይ ግን እስካሁን አለ።

ዋጋ ስትጠይቁ «ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራል?» ብላችሁ ቁርጡን እወቁ። 2000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስና በላዩ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብበት 2530 ይሆናል፣ ከጓደኛ ጋር በስምምነት ስትካፈሉ ይሄ ልዩነት ያኳርፋል። አብሯችሁ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ ካለም ዋጋው ይለይ እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ። የታደሰ መታወቂያ ያዙ፤ ያለሱ አያስገቧችሁም። ከአንድ ሌሊት በላይ ካደራችሁ ቅናሽ ጠይቁ፣ በባዶ ወቅት ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

ሐይቁ ዳር ማለዳ ነው የሚወጣው። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ ማታ ማታ ሰው ይበዛበታል፣ ጠዋት ግን የእናንተ ነው። ውኃው ውስጥ ግን አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ሲመሽም ከመብራቱ ርቃችሁ ዳር ዳሩን አትሂዱ፣ ጉማሬ ለሣር ወደ የብስ ይወጣል።

በመጨረሻው ቀን ክፍል የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ 6 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ሂሳባችሁን ዝጉና ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ሻንጣችሁን ሪሴፕሽን አስቀምጣችሁ በባጃጅ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ሂዱ። ጀልባዎቹ ዓሣቸውን የሚያራግፉት ጠዋት ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አንጀት ሲጣል ለመሻማት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የዓሣ ሾርባ በሚጥሚጣ እዚያው ጠጡ። አዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅና ሻሸመኔ ላይ መጨናነቅ ስለማይጠፋ፣ የመመለሻ ትኬታችሁን ከዋዜማው ቁረጡ።