የሙዝ ዳቦ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ስሙ ዳቦ ይባል እንጂ እርሾ የለውም፣ አይታሽም፤ ኬክ ነው። ድፎ መጋገር የለመደ እጅ ግን ሊጥ ሲያገኝ ማሸት ያምረዋል። የስንዴ ዱቄት ከረጠበ በኋላ በተማሰለ ቁጥር ግሉተኑ፣ ማለትም ሊጡን የሚያያይዘው ፕሮቲን፣ ይጠነክራል። ለድፎው የሚፈለገው ይኸው ነው፤ የሙዝ ዳቦውን ግን እንደ ጎማ ያደርገዋል። ስለዚህ ፉርኖ ዱቄቱ ከገባ በኋላ በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብለው ያገላብጡት፣ ነጭ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም በቃ። የሙዝ ጓል ቢቀርበት ግድ የለም።

ቢጫ ሙዝ መጠቀም ሌላው ስህተት ነው። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ጣዕሙም ሽታውም ያኔ ነው የሚመጣው። ልጣጩ ጠቃጠቆ የሞላው፣ እንዲያውም ግማሹ የጠቆረ ይሁን። ለመብላት የሚያስጠላዎት የአርባ ምንጭ ሙዝ ለዚህ ሥራ የተመረጠ ነው። ጥሬውን ምድጃ ውስጥ አሙቆ ማጥቆር ያለሰልሰዋል እንጂ የደንቡን ያህል አያጣፍጠውም። የበሰለው ከተረፈ ልጠው ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት።

አዲስ አበባ ላሉ ጋጋሪዎች ዋናው ጣጣ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከኢንተርኔት የምናገኘው አሠራር በአብዛኛው ለባሕር ጠረፍ ከፍታ የተጻፈ ነው፤ እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ሶዳውና ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጡት ጋዝ ከልኩ በላይ ይለጠጣል። ዳቦው ቶሎ ተነፍቶ፣ ሳይጸና መሃሉ ሰርጉዶ ይቀራል። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንዲህ ነበሩ፤ ጥፋቱን ሁሉ በምድጃዬ ላይ ጥዬ ነበር። 3 ሙዝና 250 ግራም ዱቄት በያዘ አሠራር 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከተባለ ግማሽ ወይም ትንሽ ከግማሽ በላይ ያድርጉ። ከስኳሩ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ፣ ያንኑ ያህል ወተት ይጨምሩ፣ ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ከፍ ያድርጉት። እንቁላሉ የሐበሻ ከሆነ ትንሽ ስለሆነ አንድ ይጨምሩ።

ቴርሞሜትር ያላችሁም ተጠንቀቁ። «ውስጡ 96 ዲግሪ ሲደርስ ያውጡ» የሚል ምክር እዚህ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 96ን ስትጠብቁ ዳቦው ይደርቃል። መሃሉን በስቴኪኒ ወግተው ጥሬ ሊጥ ካልያዘ ይበቃል።

ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ሶዳው ሦስት እጥፍ ያህል ይበረታል፤ ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቤኪንግ ፓውደሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሞ ከሆነ ጥቂቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ጨምረው ይሞክሩት፤ አረፋ ካላወጣ ይጣል።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን። የተነጠረውን ማግባት ምን እንደሚያመጣ ኮሰረት የሚሸት ኬክ የቀመሰ ያውቃል። ዘይትም ይሆናል።

ምድጃውን ሳያሞቁ ሊጡን ማዋሃድም ዋጋ ያስከፍላል፤ ሶዳው እርጥበት እንዳገኘ ሥራ ስለሚጀምር ጋዙ ከሊጡ አምልጦ ያልቃል። ደረቁንና እርጥቡን ለየብቻ አዘጋጅተው ምድጃው ሲግል ብቻ ያገናኟቸው። መጀመሪያዎቹን 35 ደቂቃዎች በሩን አይክፈቱ። መብራት ቢጠፋም እንኳ! አንድ ቀን በ40ኛው ደቂቃ ጠፍቶብኝ በሩን ሳልነካ ተውኩት፤ ምድጃው ይዞት በቆየው ሙቀት ሳይቃጠል በስሎ ወጣልኝ።