ሞደሙ ኡቡንቱ ላይ እምቢ ሲል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ ወይም ሚንት የተባሉትን የሊነክስ ዓይነቶች ጭኖ ብዙም ሳይቆይ ወደ ዊንዶውስ የሚመለስ ተማሪ አይጠፋም። ሰበቡን ስትጠይቁት ብዙ ጊዜ የዩኤስቢ ሞደሙ ነው። «ሊነክስ ሞደም አይወድም» ይላችኋል። ይህ እውነት አይደለም። ሞደም የሚያስነሱት ፕሮግራሞች ከኡቡንቱ ጋር አብረው ተጭነው ይመጣሉ። የሚያስፈልገው ነገሩ የት ላይ እንደቆመ መለየት ነው። አብሽሩ፣ አብዛኛው በቀላሉ ይፈታል።

የሞደሙ መብራት በራ ጠፋ ካለ

ኃይል አንሶታል። ሞደም ኔትወርክ ሲፈልግ ብዙ ኃይል ይስባል፤ የኔትወርኩ ማማ በራቀ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ከተማ ውስጥ ደህና ይሠራ የነበረው ሞደም ደላንታ ወይም መቄት ገጠር ሲገባ የሚያስቸግረው አንዱ በዚህ ነው። የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁት ከሆነ ንቀሉትና በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ካልሆነ ሌላኛውን ቀዳዳ ሞክሩ። እሱም ካልረዳ ከሁለት ቀዳዳ ኃይል የሚወስድ ባለ ሁለት ራስ ገመድ አለ።

እንደ ሲዲ ወይም እንደ ፍላሽ ብቻ ከታየ

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሞደሙ በሆዱ የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል ይዟል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲሰካ «እኔ ሲዲ ነኝ» ብሎ ነው የሚቀርበው። ዊንዶውስ ላይ መጫኛው ሥራውን ሲጨርስ ሞደሙን ወደ እውነተኛ መልኩ ይቀይረዋል። ሊነክስ ላይ ይህን የሚሠራው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» (usb-modeswitch) የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው።

መቀየሩን ለማየት ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈቱና «ኤልኤስዩኤስቢ» (lsusb) የሚለውን በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሳትለያዩ ጽፋችሁ አስገቡ። የተሰካው ዕቃ ሁሉ በዝርዝር ይመጣል። የሁዋዌ ሞደም ቁጥሩ በ12ዲ1 ይጀምራል፣ የዜድቲኢ ደግሞ በ19ዲ2። ዋናው ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ብዙ የሁዋዌ ሞደሞች 1446 ካሉ ገና ሲዲ ናቸው። የዜድቲኢ 2000ም እንደዚያው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ትእዛዙን ድገሙት። ቁጥሩ ከተለወጠ ሞደሙ ነቅቷል፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ካልተለወጠ መጀመሪያ ፋይል ማሳያው ላይ የሲዲውን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ አስወጡት። አንዳንድ የዜድቲኢ ሞደሞች በዚህ ብቻ ይነሳሉ። እምቢ ካለ ዩኤስቢ ሞድስዊችን ከነዳታ ፓኬጁ (usb-modeswitch-data) እንደገና ጫኑት። ዳታ ፓኬጁን አትርሱት፤ የሞደሞቹ ዝርዝር ያለው እሱ ውስጥ ነው።

«ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ደግሞ የሚያመጣው ሞደሙ ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግን መውጫ አለው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙትና ከስልኩ የሆትስፖት ማስተካከያ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አብሩ። ኡቡንቱ እንደ ባለገመድ ኔትወርክ ይቀበለዋል። ሌላ ምንም መጫን አያስፈልግም። ከጫናችሁ በኋላ ሞደሙን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

ሞደሙ የለም፣ ግን «ባለገመድ ተገናኝቷል» ይላል

ይህ ብልሽት አይደለም። አዳዲሶቹ የሁዋዌ «ሃይሊንክ» ሞደሞች እንደ ትንሽ ራውተር ነው የሚሠሩት። የኡቡንቱ ኔትወርክ ማስተካከያ ላይ ሞባይል ብሮድባንድ የሚለው ውስጥ አትፈልጓቸው። ብራውዘር ላይ 192.168.8.1 ብላችሁ ግቡ፣ ማስተካከያው ሁሉ እዚያ ነው።

ሞደሙ ታየ፣ ሲሙን ግን አይቀበልም

ሲሙ ፒን ካለው አስገቡ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፒዩኬ (የተቆለፈ ሲም መክፈቻ ቁጥር) ይጠይቃል፤ ስለዚህ በግምት አትሞክሩ። የሚሻለው ሲሙን ስልክ ላይ አድርጎ የፒን ጥያቄውን ማጥፋት ነው።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከዓረብ አገር ዘመድ የላከው ሞደም ለዚያ አገር ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። የእኛን ሲም ስታስገቡ ፒን ያልሆነ ሌላ ኮድ ከጠየቀ ይኸው ነው። ሊነክስም ዊንዶውስም አይፈታውም። መክፈቻ ኮዱን ዘመዳችሁ ከገዛበት ድርጅት ይጠይቅላችሁ። የሙከራው ብዛት የተገደበ ስለሆነ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ኮድ ሁሉ አትሞክሩበት።

ኔትወርክ አለ፣ መገናኘት ግን አይችልም

ኤፒኤኑን (ሞደሙ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበትን የድርጅቱን መግቢያ ስም) እዩ። ለኢትዮ ቴሌኮም «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» (etc.com) ነው፤ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፍ፣ ከኋላው ክፍት ቦታ እንዳይኖር። የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ባዶ ይሁኑ። የሚደወልበት ቁጥር ከተጠየቃችሁ *99# ነው።

ጦሳ ስር ወይም ሸለቆ ውስጥ ያለ ቤት ደግሞ ሞደሙ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ሲመላለስ መስመሩ ይቆራረጣል። 3ጂ ብቻ እንዲይዝ ብታደርጉት ፍጥነቱ ቢቀንስም ይረጋል። ሞደሙን በማራዘሚያ ገመድ ወደ መስኮት ማውጣትም ይረዳል፤ ገመዱ ግን ከ5 ሜትር አይብለጥ።

«ተገናኝቷል» ይላል፣ ገጽ ግን አይከፍትም

መጀመሪያ ሲሙን ስልክ ላይ አድርጋችሁ በ*804# ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ሂሳብ ካለ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) ከግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ 8.8.8.8 አድርጋችሁ ሞክሩ።

የምትሞክሩት ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ካለ ቀኑን ተመልከቱ። የውስጥ ባትሪው ያለቀበት አሮጌ ላፕቶፕ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላል። ያኔ ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል። የድረ ገጾቹ የደህንነት ሰርተፊኬት ደግሞ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፤ ለኮምፒውተሩ ገና ያልተጀመረ ስለሚመስለው አልከፍትም ይላል። ዓመቱን በፈረንጆቹ አድርጉት፣ ወዲያው ይስተካከላል።

ሠራ፣ ግን ፓኬጁ ወዲያው አለቀ

ኡቡንቱ ሳያማክራችሁ ማሻሻያ እያወረደ ነው። የሞደሙ ግንኙነት ማስተካከያ ውስጥ ዳታው የተገደበ ወይም የሚያስከፍል መሆኑን የሚጠይቅ ምርጫ አለ፤ አብሩት። ማሻሻያውን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ራሳችሁ አስጀምሩት።