ያገለገለ ስልክ ሲገዛ፦ መጀመሪያ ሎኩ፣ ቀጥሎ ባትሪው፣ ጭረቱ በመጨረሻ

«አይፎን ይሻላል ወይስ ሳምሰንግ?» የሚለው ክርክር ከአቦል እስከ በረካ ይዘልቃል፤ ማሸነፊያም የለው። ገንዘብ የሚያስበላው ግን ከምርጫው ይልቅ በደንብ አለመፈተሽ ነው። ያገለገለ ቀፎ እጁ ሲገባ ብዙ ሰው መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን ያያል፣ ጥፍሩን ጠርዙ ላይ ያስኬዳል፣ ጭረት ይፈልጋል። ሻጭም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ በአልኮል ወልውሎ፣ አዲስ ግላስ ለጥፎና ካቨር አልብሶ ያቀርበዋል። ጭረት ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ስልክ አይገድልም። ስልክ የሚገድለው ያልወጣ የሌላ ሰው አካውንት፣ የውጭ ኩባንያ ሎክና ውሃ የገባበት ቦርድ ነው።

ለፍተሻው ቢያንስ 40 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ቦታውም መቀመጫና ብርሃን ያለው ካፌ ቢሆን ይመረጣል። ዳታና የአየር ሰዓት ያለው የራሳችሁን ሲም፣ የሲም መርፌ፣ ፓወር ባንክ ከነገመዱ፣ ነጭ ወረቀትና ሆትስፖት የሚከፍት ሌላ ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱን አትርሱ፤ አይፎን ወደ ታይፕ ሲ የዞረው ከ15 ጀምሮ ስለሆነ ለ14ና ከዚያ በታች የድሮው ገመድ ያስፈልጋል። «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ለዚያ ገዢ ይሽጥለት።

መጀመሪያ *#06# ደውሉ። ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር (የስልኩ መለያ ቁጥር) ይመጣል፤ ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ይህን ቁጥር ሴቲንግ ውስጥ አባውት ላይ ካለው፣ ካርቶኑ ካለ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩ። ካርቶኑ ላይ ያለው የማይገጥም ከሆነ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው፤ ባዶ ካርቶን ለብቻው እንደሚሸጥ አትርሱ። በ*#06# የመጣውና ሴቲንግ ውስጥ ያለው የሚለያዩ ከሆነ ግን ቁጥሩ ተነካክቷል ማለት ነው። ያኔ ተነስቶ መሄድ ነው።

አይፎን ላይ ሎክ

ሴቲንግን ክፈቱ። ከላይ የሰው ስም ካለ አካውንቱ አልወጣም። ሻጩ እዚያው ፊታችሁ ፓስወርዱን አስገብቶ ሳይን አውት ያድርግ። «ፓስወርዱን ረስቼዋለሁ፣ ማታ እልክልሃለሁ» ካለ ስልኩንም ማታ ይዞ ይምጣ። ከወጣ በኋላ ጀነራል ውስጥ ገብቶ ሁሉንም የሚያጠፋውን «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ» ይጫን። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ «ሄሎ» ይላል።

ብዙ ሰው የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚሁ ነው። «ሄሎ» ምንም አያረጋግጥም። ሎክ ያለበት አይፎን የድሮውን ባለቤት ኢሜይልና ፓስወርድ የሚጠይቀው ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ የአፕልን ሰርቨር ካገኘ በኋላ ነው። ስለዚህ በራሳችሁ ሆትስፖት አገናኙት፣ ቋንቋና አገር ምረጡ፣ አፖቹ የተደረደሩበት ዋናው ገጽ እስኪመጣ ድረስ ሂዱ። በመሃል «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ ስልኩ የአንድ ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት ሆኖ ተመዝግቧል። ከውጭ በሻንጣ በሚመጡ ስልኮች ላይ ሊያጋጥም ይችላል፤ ሻጩ ራሱም ሳያውቀው ገዝቶት ሊሆን ይችላል። «ባይፓስ ይደረግለታል»፣ ማለትም ሎኩ በዘዴ ይታለፋል፣ ቢሏችሁም አትስሙ። ባይፓስ የተደረገ ስልክ ሪሴት ሲደረግ ወደ ሎኩ ሊመለስ ይችላል፤ እናንተ ስትሸጡት ደግሞ የሚቀጥለው ገዢ እንዲህ ቁጭ ብሎ ይፈትሸዋል።

ጀነራል ውስጥ አባውት ላይ ወደ ታች ስትወርዱ «ካሪየር ሎክ» የሚል መስመር አለ። ፊት ለፊቱ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» መባል አለበት። ሌላ ነገር ከተጻፈ ስልኩ ለውጭ ኔትወርክ ተቆልፏል፤ የእኛን ሲም አይቀበልም። እዚያው ገጽ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥርም ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያው ፊደል «ኤም» ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፤ «ኤፍ» አፕል ራሱ አድሶ የሸጠው፣ «ኤን» ደግሞ በዋስትና ተቀይሮ የተሰጠ ነው። «ኤፍ» እና «ኤን» መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፤ «ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ» የሚል ሻጭ ግን «ኤፍ» ላይ ይያዛል። መጨረሻው ላይ «ኤልኤል» ካለ የአሜሪካ ነው።

የአሜሪካ ስልክ ከሆነ ጎኑን እዩ። ከአይፎን 14 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. 2022) ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም (ኢሲም) ብቻ ነው የሚሠሩት። ስልኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የቴሌኮም ማዕከል ሄዳችሁ ቁጥራችሁ ወደ ኢሲም መዞር መቻሉንና ስልክ በቀየራችሁ ቁጥር ምን እንደሚጠበቅባችሁ ጠይቁ። ሲም እየነቀለ ከስልክ ስልክ ለሚያዘዋውር ሰው ይህ ስልክ አይመችም፤ መልሶ ሲሸጥም ገዢ ያጠባል። ሁለት ቁጥር ያለው ሰው የቻይና ወይም የሆንግ ኮንግ ስሪት ቢፈልግ ይሻለዋል፤ አብዛኞቹ ሁለት ሲም ካርድ በአንድ ማስገቢያ ይቀበላሉ።

ሳምሰንግና ሌሎች አንድሮይዶች

እዚህም ሐሳቡ ያው ነው፣ መንገዱ ይለያል። ሻጩ መጀመሪያ የጉግልና የሳምሰንግ አካውንቱን ከሴቲንግ ያውጣ፣ ከዚያ ከሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ያድርግ። አካውንቱን ሳያወጣ፣ ቁልፎቹን ተጭኖ በሪከቨሪ ቢያጠፋው የድሮው የጉግል አካውንት ከኋላ ይጠብቃችኋል። አሁንም እስከ ዋናው ገጽ ድረስ ሂዱ።

ሳምሰንግ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ በውጭ አገር በየወሩ እየተከፈለ የተወሰደ ስልክ። ክፍያው ሲቋረጥ ሻጩ ድርጅት ከሩቅ ይቆልፈዋል፤ ዛሬ የሚሠራ ስልክ ከሁለት ወር በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ለማየት ስልኩን አጥፍታችሁ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ይዛችሁ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኙትና ማስጠንቀቂያውን እለፉ። በሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ «ኬጂ ስቴተስ» የሚለው ፊት ለፊት «አክቲቭ» ወይም «ሎክድ» ካለ አትግዙ።

«አልትራ» ተብለው በሚገርም ቅናሽ የሚቀርቡ ቀፎዎች ብዙዎቹ ፌክ ናቸው። ሴቲንግ ውስጥ 512 ጊጋባይት ተብሎ ስለተጻፈ አትመኑ፤ ጽሑፉን መቀየር ቀላል ነው። ፕሌይ ስቶርን ከፍታችሁ ሴቲንጉ ውስጥ አባውት ላይ ሂዱ፤ ስልኩ ሰርቲፋይድ መሆኑ መጻፍ አለበት። ከዚያ *#0*# ደውሉ። በአብዛኞቹ እውነተኛ ሳምሰንጎች ላይ የፋብሪካው መሞከሪያ ይከፈታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ተች፣ ስፒከር፣ ሴንሰር እየለየ ያስፈትሻል። ስልኩ እውነተኛ መሆኑን እያየን ስክሪኑንም አብረን ጨረስን ማለት ነው።

ባትሪው

አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ባትሪ፣ ባትሪ ሄልዝ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋ ከስልኩ ላይ ይቀነስ። ግን 82 በመቶ ከሚያሳይ አይፎን 11 ይልቅ 100 በመቶ የሚያሳየው ሊያሳስባችሁ ይገባል። ዓመታት ያገለገለ ባትሪ መቶ ሊሆን አይችልም፦ ወይ ተቀይሯል፣ ወይ ቁጥሩ በማሽን ተጽፎበታል። ለዚህ ነው አባውት ላይ «ፓርትስ ኤንድ ሰርቪስ ሂስትሪ» የሚለውን ማየት የሚጠቅመው፤ አንድ ዕቃ ከተቀየረ እዚያ ይወጣል። «አንኖውን ፓርት» ካለ ዕቃው ኦሪጅናል ላይሆን ወይም ከሌላ ስልክ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ባትሪን ከአይፎን ኤክስ አር ጀምሮ፣ ስክሪንን ከ11 ጀምሮ፣ ካሜራን ከ12 ጀምሮ ያሳያል።

ከቁጥሩ በላይ የሚታመነው ሙከራ ይኸው፦ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ከፍታችሁ ለ10 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቱ። አራት በመቶ አካባቢ ቢወርድ ደህና ነው፤ ስምንትና ዘጠኝ ከወረደ ባትሪው አልቋል። ከ30 በአንዴ ወደ 12 የሚዘል ከሆነም እንዲሁ። ቀጥሎ ፓወር ባንኩ ላይ ሰክታችሁ ገመዱን በቀስታ ወዲያ ወዲህ አወዛውዙ። ቻርጁ ብልጭ ድርግም ካለ መጀመሪያ ሶኬቱን በመብራት እዩት፤ የኪስ ቆሻሻ ተጠቅጥቆበት ሊሆን ይችላል፣ እሱ በእንጨት ስንጥር ይወጣል። ንጹሕ ሆኖ ከተቆራረጠ ሶኬቱ ይቀየራል።

ስክሪን፣ ድምፅ፣ ካሜራ

ነጭ ምስል ሙሉ ስክሪን ክፈቱ። የኪቦርድ ወይም የቲክቶክ ቁልፎች ጥላ ከታየ ስክሪኑ ተቃጥሏል፤ አይጠፋም። ከላይ እስከ ታች የሚሄድ አረንጓዴ ወይም ሮዝ መስመር ካለ ደግሞ ስክሪኑ መቀየር አለበት፣ እሱም ውድ ነው። አይፎን ላይ የብርሃን ማስተካከያውን ተጭናችሁ ስትይዙ «ትሩ ቶን» ከሌለ ስክሪኑ ምናልባት ተቀይሯል። አንድ አፕ በጣታችሁ ይዛችሁ ሳትለቁ በመላው ስክሪን ላይ ጎትቱት፤ የሚወድቅበት ቦታ ካለ ተቹ እዚያ ሞቷል።

ማይክ አንድ ብቻ አይደለም፤ «አሎ ተሰማኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ድምፅ ስትቀርጹ የታችኛው፣ በኋላ ካሜራ ቪዲዮ ስትቀርጹ የጀርባው፣ በላውድ ስታወሩ የላይኛው ይሠራል። ሦስቱንም ሞክሩ። ሲማችሁን አስገብታችሁ ሰው ላይ ደውሉና ስክሪኑን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ ካልጠፋ ሴንሰሩ ችግር አለበት፤ በርካሽ ስክሪን የተቀየረ ስልክ ላይ የተለመደ ነው። ፌስ አይዲን እዚያው መዝግባችሁ ክፈቱበት። ፌስ አይዲ ከቦርዱ ጋር የተጣመረ ስለሆነ ከተበላሸ እንዲሁ በተገኘው ጥገና ቤት የሚመለስ አይደለም።

ካሜራውን ነጩ ወረቀት ላይ አነጣጥሩ፤ ጥቁር ነጥብ ካለ ሌንሱ ውስጥ አቧራ ገብቷል ወይም ሴንሰሩ ተጎድቷል። ከዚያ ከ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጽሑፍ፣ ወዲያውም መንገድ ማዶ ያለ ሕንፃ አንሱ። ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ወይም ካሜራው ከዘመረ ማረጋጊያው ሄዷል። የሞተር ብስክሌት ንዝረት ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አፕል ራሱ በ2021 (እ.ኤ.አ.) አስጠንቅቋል፤ በዴሊቨሪ ሞተር መሪ ላይ ታስሮ የዋለ ስልክ ሲቀርብላችሁ ይህን አስታውሱ።

የሲም ማስገቢያ ካለው አውጥታችሁ ቀዳዳውን በባትሪ አብሩበት። አይፎን ውስጥ ትንሽ ነጭ ምልክት አለች፤ ከቀላች ውሃ ገብቶበታል። ውሃ የገባበት ስልክ ዛሬ ሁሉ ነገሩ ሊሠራ ይችላል። ዝገቱ ቦርዱ ላይ ሥራውን የሚጨርሰው በኋላ ስለሆነ ለዚህ ቅናሽ አትጠይቁ፣ ተዉት።

ዕድሜው

የአይፎን ሲስተም የሆነው አይኦኤስ 26 በ2025 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ከ11 በታች ያሉ አይፎኖች አልገቡበትም። ዛሬ ከ11 በፊት የወጣውን አይፎን ኤክስ ኤስ የሚገዛ ሰው ይህን እያወቀ ይግዛ። ሳምሰንግ ለኤስ24 የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብቷል፤ ከኤስ21 እስከ ኤስ23 ላሉት የደኅንነት አፕዴቱ አምስት ዓመት ነው፣ እሱም የሚቆጠረው ስልኩ ገበያ ከወጣበት እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም። 64 ጊጋ ደግሞ ቴሌግራም ብቻውን ይሞላዋል፤ ትንሽ ጨምራችሁ 128 ያዙ።

ክፍያው

ስልኩን ሳታዩ ቀብድ አትላኩ፤ የቴሌግራም ቻናሉ ስንት ሺህ ተከታይ ቢኖረውም። ዋጋ ስትደራደሩ ያገኛችሁትን ጉድለት በጥገና ዋጋ ተምኑት፦ ለባትሪና ለሶኬት ጥገና ቤት ደውላችሁ ጠይቁና ያንን ቀንሱ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ቢሆን ይሻላል፣ ማስረጃ ይቀራል። ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚወጣው የተቀባይ ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር መግጠም አለበት፤ «የወንድሜ አካውንት ነው» ከተባለ ወንድምየውም ይምጣ።

አንድ ወረቀት ላይ የሁለታችሁን ስም፣ ሞዴሉን፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን፣ ዋጋውንና ቀኑን ጻፉ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ የሻጩን መታወቂያ ፎቶ አንሱ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ፖሊስ ዘንድ የምታቀርቡት ይህንኑ ወረቀት ነው። መታወቂያ ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ምክንያቱን እያወቀ ነው። ሱቅ ከሆነ ደግሞ «የሳምንት ጋራንቲ» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ ከአይኤምኢአይ ቁጥሩ ጋር ይጻፍ፤ ምን ምን እንደሚሸፍንም እንዲሁ። ስክሪን አይጨምርም የሚሉ ብዙ ስለሆኑ ገንዘቡ ከእጃችሁ ሳይወጣ ጠይቁ።