ሞተሩ አልታዘዝ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሞተር በማይክሮኮንትሮለር (ኮድ በምንጭንበት ትንሽ ቺፕ) ስናሽከረክር አንድ ነገር እምቢ ካለ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንከፍተው ኮዱን ነው። እኔ ግን መልቲሜትሩን፣ ማለትም የቮልትና የኦም መለኪያውን፣ አስቀድሙ እላለሁ። ባትሪ ምንም ሳይሠራ ሲለካ ጤነኛ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ሞተሩ ከረንት መሳብ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ለኩ። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ኮዱ ሳይነካ ይፈታሉ።

ምሳሌዎቼ አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ፣ ለተማሪ ሮቦት በሚገዛው ቢጫ የጊር ሞተርና ለድሮን በሚሆነው ብሩሽ አልባ ሞተር ላይ ናቸው።

ሞተሩ ጭራሽ አይንቀሳቀስም

ሞተሩ በቀጥታ ከአርዱዊኖው ፒን ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። የኡኖ ፒን ያለ ጭንቀት የሚሰጠው 20 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። 40 ሚሊአምፒር መድረስ የሌለበት ጣሪያ ነው። ቢጫው ሞተር ምንም ሳይሸከም እንኳ ከ100 ሚሊአምፒር በላይ ይፈልጋል። ፒኑ ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ በመሃል ድራይቨር፣ ማለትም ትእዛዙን ተቀብሎ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚያሳልፍ ሰሌዳ፣ መግባት አለበት።

ድራይቨር እያለም ዝም ካለ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የአርዱዊኖው ግራውንድ (የማይነስ መስመር) ከድራይቨሩ ግራውንድ ጋር ተገናኝቷል? ሁለት ባትሪ ስትጠቀሙ ፕላሶቹ ለየብቻ ይሁኑ፤ ግራውንዳቸው ግን አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ድራይቨሩ ምልክቱን የሚያነብበት መነሻ የለውም። ሁለተኛ፣ በኤል298ኤን ድራይቨር ላይ የኢኤንኤ ፒን ጃምፐር (ሞተሩ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ፒን በቋሚነት የሚያበራው ትንሽ መሰኪያ) ተነቅሎ ከሆነ ያንን ፒን ከኮድ ማብራት አለባችሁ። ሦስተኛ፣ ድራይቨሩ ቲቢ6612 ከሆነ የስታንድባይ ፒኑ ወደ ፕላስ መያዝ አለበት። ይቺ ፒን ተረስታ ስንት ጤነኛ ሰሌዳ "ተቃጥሏል" ተብሎ ተጥሏል!

ሞተሩ ሲነሳ አርዱዊኖው ሪሴት ያደርጋል

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደክመው ይህ ነው። ሮቦቱ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኮዱ ላይ ስህተት ያለ ይመስላል። የለም።

ሞተር ቆሞ ሲነሳ የሚስበው ከረንት እንቅ ተደርጎ ሲያዝ ከሚስበው ጋር እኩል ነው። ግምቱን በቀላሉ ታገኙታላችሁ፦ የሞተሩን ሁለት ጫፎች በኦም ለኩና ቮልቴጁን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ለምሳሌ 5 ኦም ካሳየና 6 ቮልት ከሰጣችሁት 1.2 አምፒር ይመጣል። ሁለት ሞተር አብሮ ሲነሳ ከ2 አምፒር በላይ ሆነ ማለት ነው። ባትሪው ይህን መስጠት ካልቻለ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወድቃልና ማይክሮኮንትሮለሩ ይጠፋል። ኢኤስፒ32 በተባለው ሌላ ማይክሮኮንትሮለር ላይ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ በኮምፒውተሩ ሲሪያል መስኮት ላይ "ብራውንአውት" (ቮልቴጅ ወረደ) የሚል መልእክት ራሱ ይጽፍላችኋል።

ዋናው ተጠያቂ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ለሬዲዮና ለመለኪያ ይሆናል፤ ለሞተር አይሆንም። የውስጡ ሬዚስታንስ ከፍተኛ ስለሆነ ትልቅ ከረንት ሲጠየቅ ይንበረከካል። በምትኩ 18650 የሚባሉ ሁለት ሊቲየም ባትሪዎች በተከታታይ አገናኙ። ሞተሩን ከአርዱዊኖው 5 ቮልት ፒን መመገብም ይቅር። ኡኖ በዩኤስቢ ሲሠራ 500 ሚሊአምፒር ላይ የሚቆርጥ ፊውዝ አለው።

ከዚያ ድራይቨሩ የኃይል መግቢያ ላይ 470 ወይም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ለቅጽበት የሚሰጥ) ጨምሩ። ፕላስና ማይነሱን አታምታቱ። ሪሴቱ ከቀጠለ ጥፋቱ የብሩሹ (በሞተሩ ውስጥ ከረንቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግረው) ብልጭታ የሚፈጥረው ረብሻ ሊሆን ይችላል። 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በራሱ በሞተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ሶልደር አድርጉ። ሽቦው ጫፍ ላይ ሰሌዳው ዘንድ ማድረግ ጥቅሙን በጣም ይቀንሰዋል። የሞተሩን ሽቦዎች እርስ በርስ መግመድም ይረዳል።

ይዞራል፤ አቅም ግን የለውም

ኤል298ኤን ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ግን ቆየት ያለ ዲዛይን ነው። ውስጡ ባይፖላር ትራንዚስተር ስለሆነ በ1 አምፒር ወደ 2 ቮልት ገደማ ራሱ ይበላል፤ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። 6 ቮልት ስትሰጡት ለሞተሩ የሚደርሰው 4 ቮልት አካባቢ ነው። መግቢያውንና መውጫውን በመልቲሜትር አወዳድሩ፣ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለትናንሽ ሞተሮች ሞስፌት የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ያለውን ቲቢ6612 እመርጣለሁ፤ በቻናል 1.2 አምፒር ያስተናግዳል፣ የሚበላው ቮልት ትንሽ ነው።

ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ሞተሩ አንዳንዴ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ከረንቱን አቋርጡና የሞተሩን ዘንግ በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ ኦሙን እዩ። አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ ጭራሽ ከጠፋ ብሩሹ አልቋል ወይም ብሩሹ የሚነካው የሚዞር ክፍል፣ ኮሙቴተሩ፣ ቆሽሿል።

በዝቅተኛ ፍጥነት ይጮሃል እንጂ አይዞርም

ጩኸቱ የፒደብሊውኤም፣ ማለትም ፍጥነት ለመቆጣጠር ኃይሉን ቶሎ ቶሎ የማብራትና የማጥፋት፣ ድግግሞሽ ነው፤ በኡኖ በአብዛኞቹ ፒኖች 490 ኸርዝ ገደማ። ሙሉው ኃይል 255 ሆኖ 60 ብቻ ስትሰጡት የጊሩን ሰበቃ ማሸነፍ አልቻለም ማለት ነው። ለትንሽ ሚሊሰከንዶች ሙሉ ኃይል ስጡትና ከተነሳ በኋላ አውርዱት። በፒን 9 ወይም 10 ላይ ፍጥነቱ ጨርሶ የማይቀየር ከሆነ ደግሞ የሰርቮ (ወደ ታዘዘው ማዕዘን የሚዞር ሞተር) ላይብረሪ በኮዱ ውስጥ ተጭኖ እንደሆነ እዩ። በኡኖ ላይ የእነዚህን ሁለት ፒኖች ፒደብሊውኤም ያጠፋል።

ሞስፌቱ ይግላል ወይም ይቃጠላል

ይህ በድራይቨር ፈንታ አንድ ሞስፌት ለምትጠቀሙ ነው። አይአርኤፍዜድ44ኤን የተባለው ሞስፌት ጌቱ (ትእዛዝ የሚቀበልበት እግሩ) ላይ 10 ቮልት እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ ነው። በአርዱዊኖ 5 ቮልት ግማሽ ክፍት ይሆንና ይግላል። አይአርኤልዜድ44ኤን በ5 ቮልት በደንብ ይከፈታል። የስሙ ልዩነት አንድ ፊደል ነውና ስትገዙ አስተውሉ። ሳይግል በድንገት የሚሞት ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ጋር ትይዩ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) የለም ማለት ነው። 1ኤን5819 የተባለው የሾትኪ ዓይነት ዳዮድ ለትንሽ ሞተር ይበቃል፤ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ፕላስ።

ብሩሽ አልባው ይጮሃል እንጂ አይነሳም

ከሁሉ በፊት ፕሮፔለሩን አውልቁ። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ኢኤስሲው፣ እንደ ሰርቮ ከ1000 እስከ 2000 ማይክሮሰከንድ የሚረዝም ምልክት ይጠብቃል። ሲበራ መጀመሪያ ዝቅተኛውን ካላየ ለደህንነት ሲል አይነሳም፤ ይጮሃል እንጂ። ብዙ ሰው ዜሮ ዲግሪ ይልክና "ዝቅተኛውን ሰጥቻለሁ" ይላል። የአርዱዊኖ ሰርቮ ላይብረሪ ግን ለዜሮ ዲግሪ የሚልከው 544 ማይክሮሰከንድ ነው። አንዳንድ ኢኤስሲ ይህን እንደ ምልክት አይቆጥረውም። በኮዱ ፒኑን ከላይብረሪው ጋር ስታገናኙ 1000 እና 2000 ብላችሁ ወሰኑን ጻፉ፣ ለጥቂት ሰከንድ 1000 ላኩ፣ ከዚያ ጨምሩ። አርዱዊኖው በዩኤስቢ የሚመገብ ከሆነ የኢኤስሲውን ቀይ ሽቦ አታገናኙ፤ ግራውንዱን ግን አትርሱ።

ይንቀጠቀጣል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል

ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ በደንብ አልተያያዘም። ሞተሩን ከኢኤስሲው ነቅላችሁ ሁለት ሁለት ሽቦ እያነካካችሁ ዘንጉን በእጅ አዙሩ። በሦስቱም ጥንድ እኩል ሊከብዳችሁ ይገባል። በሁለቱ ጥንድ ቀሎ በአንዱ ብቻ ከከበደ፣ ሁለቱ ቀላል ጥንዶች የሚጋሩት ሽቦ ተበጥሷል ወይም ሶልደሩ ለቋል።

ሽቦው ደህና ከሆነ ፍጥነቱን በዝግታ ጨምሩ። ሴንሰር የሌለው ሞተር ዘንጉ ያለበትን ቦታ የሚያሳውቀው ሲሽከረከር በሚያመነጨው ቮልቴጅ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት ይህ ቮልቴጅ ትንሽ ስለሆነ ኢኤስሲው በግምት ይነሳል። ድንገት ብዙ ከጠየቃችሁት ይሳሳታል። ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ከሦስቱ ማንኛቸውንም ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ።

ሆል ሴንሰር (የዘንጉን ቦታ በማግኔት የሚያውቅ) ባለው ሞተር ግን የሽቦ ቅደም ተከተል ከሴንሰሩ ጋር መግጠም አለበት። የሴንሰሩን ሽቦዎች ሳትነኩ የሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች 6 አሰላለፎች ከረንቱ በተገደበ ፓወር ሳፕላይ አንድ በአንድ ሞክሩ። ትክክለኛው ሳይንገጫገጭ የሚነሳበትና ትንሹን ከረንት የሚስብበት ነው።