በብዙ አገሮች የሚደረግ የበጋ ጉዞን በፎቶና በማስታወሻ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጉዞ ከተመለሱ ከወራት በኋላ 3,000 ፎቶ ከፍተው «ይሄ ደግሞ የትኛው ከተማ ነበር?» ካሉ፣ ፎቶውና የዕለት ማስታወሻው ሳይገናኙ ቀርተዋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያለያያቸው ከሚከተሉት አንዱ ነው።

የካሜራውን ሰዓት መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የሚታወቀውም ከመሸ በኋላ ነው። ስልክ የአዲሱን አገር ኔትወርክ ሲያገኝ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል። ብዙ ካሜራ ግን ሰው ካልነካው በቀድሞው ሰዓት ይቀጥላል። ለምሳሌ ከፖርቱጋል ወደ ስፔን ሲሻገሩ ሰዓት በ1 ወደፊት ይሄዳል። ካሜራው ካልተስተካከለ፣ የስልኩና የካሜራው ፎቶዎች አንድ ላይ ሲደረደሩ ከምሳ በኋላ በካሜራው የተነሳው፣ በስልኩ ከተነሳው ምሳ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ በየድንበሩ ሰዓቱን መቀየር ነው። ሌላው ጉዞውን ሙሉ ካሜራውን በአንድ ሰዓት መተው ነው። ሁለተኛው ይሻላል፤ አንዴ ረስቶ አንዴ ማስተካከል ከሁሉም የባሰ ትርምስ ይፈጥራልና። ታዲያ አዲስ አገር በገቡ ቁጥር የስልክዎን ሰዓት በካሜራው ፎቶ ያንሱት። በፎቶው ላይ የሚታየው ሰዓትና ካሜራው የመዘገበው ሰዓት ልዩነት ስንት ማስተካከል እንዳለብዎ ይነግርዎታል። እንደ ላይትሩም ወይም በነጻ እንደሚገኘው ዲጂካም ያሉ ፕሮግራሞች የመቶዎችን ፎቶ ሰዓት በአንድ ጊዜ ያስተካክላሉ።

ማስታወሻውን ለነገ ማሳደር

«ነገ ባቡር ላይ እጽፈዋለሁ» የተባለ ገጽ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። ሦስት ከተማ ካለፈ በኋላ ቀኖቹ ይደባለቃሉ። ከመተኛትዎ በፊት 15 ደቂቃ ይበቃል፤ በጣም ከደከመዎ አምስት መስመር ይጻፉ። «ደስ የሚል ቀን ነበር» ማለት ምንም አይጠቅምም። ፎቶ የማያሳየውን ይያዙ፦ ሽታውን፣ የከፈሉትን ዋጋ፣ የምግቡን ስም፣ ባቡሩ ለምን እንዳመለጠዎ፣ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ያለውን።

ከገጹ አናት ቀኑንና ከተማውን፣ ከአንቀጹ ዳር ደግሞ የፎቶውን ፋይል ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች ይጻፉ፤ 4127 ብቻ ይበቃል። ይህ እንዲሠራ የካሜራው የፋይል ቁጥር «ተከታታይ» በሚለው ላይ መሆን አለበት። አለበለዚያ ሚሞሪ ካርድ በተቀየረ ቁጥር ከ0001 ሊጀምርና ሁለት ፎቶ አንድ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

ሁሉን በአንድ ካርድ መያዝ

ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ሲያነሱ አንዱ ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በቀን 300 ካነሱ ወደ 8 ወይም 9 ጊጋባይት ይደርሳል። ብዙ ሰው ለዚህ አንድ ባለ 256 ጊጋባይት ካርድ ይገዛል፤ ካርዱ ሲጠፋ ጉዞው አብሮ ይጠፋል። አራት ባለ 64 ይሻላሉ። ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ከካርድ ምንም አይሰረዝ፤ አንዱ ቅጂም ከካሜራው ቦርሳ ውጭ ይጓዝ።

ስልክ ፎቶን ወደ ክላውድ (የኢንተርኔት ማከማቻ) የሚልከው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል፣ ተልኮ ማለቁን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ፎቶን በቻት መላክ ግን መጠባበቂያ አይደለም፤ ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ የተነሳበትን ቀንና ቦታም ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል።

ትንንሾቹ

ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲወጡ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ካሜራውን በተዘጋ ቦርሳ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ እስከዚያ ሌንስ አይቀይሩ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። በብዙ አገሮች ኬላንና ወታደራዊ ቦታን ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ፣ ድንበር ላይ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ማስታወሻ ላይ የሚለጥፉት ደረሰኝና ትኬትስ? በሙቀት የሚታተመው ወረቀት በተለይ ፀሐይ ካገኘው ይደበዝዛል፤ ሳይለጠፍ በፊት፣ በዚያው ቀን ፎቶ ይነሳ።