የእቁብ መተግበሪያ በአንድ ሠንጠረዥ፦ ዳይናሞዲቢን በኤሌክትሮዲቢ እንዴት እንደምንጠቀም

ከኤስኪውኤል ዳታቤዝ (እያንዳንዱን ዓይነት መረጃ በየራሱ ሠንጠረዥ ከሚያስቀምጠው) ለመጣ ሰው አባላትንም ክፍያዎችንም በአንድ ሠንጠረዥ ማጨቅ ጥፋት ይመስለዋል። የአማዞን ዳታቤዝ የሆነው ዳይናሞዲቢ ግን ጆይን (ሠንጠረዦችን በአንድ ጥያቄ ማገናኛ) የለውም፤ አብረው የሚነበቡ መረጃዎች በአንድ ፓርቲሽን ኪ (መረጃው የት እንደሚቀመጥ በሚወስነው ቁልፍ) ሥር ካልተቀመጡ እየደጋገሙ መጠየቅ ግድ ነው። ችግሩ ቁልፎቹን በእጅ እየቀጣጠሉ መጻፍ አሰልቺም ለስህተት የተጋለጠም መሆኑ ነው። ይህን ሥራ ኤሌክትሮዲቢ ለተባለው የታይፕስክሪፕት ላይብረሪ እንሰጠዋለን። ምሳሌያችን እቁብ ነው።

1. ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፉ። ለእኛ ሦስት ይበቃሉ፦ የእቁቡ አባላት እነማን ናቸው? በዚህ ዙር ማን ከፈለ? አንድ ሰው በየትኞቹ እቁቦች ውስጥ አለ? ይህን ዘልሎ «ኋላ ስካን አድርጌ (ሠንጠረዡን በሙሉ አንብቤ) በፊልተር አወጣዋለሁ» ማለት ገንዘብ ያስወጣል፤ ፊልተር የሚሠራው መረጃው ከተነበበ በኋላ ስለሆነ፣ የተጣለውም ይቆጠርባችኋል።

2. ሠንጠረዡን ፍጠሩ። አንድ ፓርቲሽን ኪ፣ አንድ ሶርት ኪ (በአንድ ፓርቲሽን ኪ ሥር ያለውን መረጃ የሚደረድር ቁልፍ)፣ ሁለቱም ጽሑፍ። «የአባል መለያ» ዓይነት ስም አትስጧቸው፤ ሁሉም ዓይነት መረጃ ይገባባቸዋልና «ፒኬ» እና «ኤስኬ» ይበቃል። ለሦስተኛው ጥያቄ አንድ ግሎባል ሰከንደሪ ኢንዴክስ (ያንኑ መረጃ በሌላ ቁልፍ መፈለጊያ) ጨምሩ። ሎካል ኢንዴክስ (ፓርቲሽን ኪው ያው ሆኖ ሶርት ኪው ብቻ የሚለየው) ሠንጠረዡ ሲፈጠር ካልሆነ በኋላ ስለማይጨመር እኔ አልወደውም። ልምምዱን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ በሚሠራው በዳይናሞዲቢ ሎካል አድርጉት፤ አያስከፍልም።

3. አባልንና ክፍያን እንደ ኢንቲቲ (በኤሌክትሮዲቢ የአንድ ዓይነት መረጃ መግለጫ) ግለጹ። የሁለቱም ፓርቲሽን ኪ የእቁቡ መለያ ነው። የኢንቲቲው ስም፣ የቨርዥኑ ቁጥርና የሰርቪሱ (ኢንቲቲዎቹን የሚያቅፈው ቡድን) ስም ቁልፉ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ መረጃ ከገባ በኋላ «አባል» የሚለውን ስም «ተሳታፊ» ብሎ ማሳመር አደገኛ ነው፤ የድሮው መረጃ በቦታው አለ፣ ላይብረሪው ግን አያገኘውም። ስህተት እንኳ አይነግራችሁም፣ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል።

4. ሶርት ኪውን አዋቅሩ። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ቁልፉ ጽሑፍ ስለሆነ የሚደረደረው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ነው። ስለዚህ ዙር 10 ከዙር 2 ይቀድማል። እስከ 9ኛው ዙር ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል፤ ሙከራችሁም ያልፋል። መፍትሔው ለዙሩ ፓዲንግ (ከፊት የሚሞላ ምልክት) መስጠት ነው፦ ርዝመት 4፣ መሙያ 0፤ ያኔ 2 ወደ 0002 ይለወጣል። ይህ ከመጀመሪያው መደረግ አለበት። በኋላ ከተጨመረ የድሮዎቹ ቁልፎች ሳይለወጡ ይቀራሉ፣ እነሱን እያነበቡ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሶርት ኪው ክፍሎች ቅደም ተከተል ነው። ለክፍያ ዙሩ ይቅደም፣ የአባሉ መለያ ይከተል። ፍለጋው ከግራ ስለሚጀምር «የዙር 7 ክፍያዎች በሙሉ» በቀላሉ ይወጣል። የአንድን አባል ክፍያዎች ለብቻ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ኢንዴክስ ያስፈልጋችኋል።

ሦስተኛው የእኛ የፊደል ጣጣ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለዳይናሞዲቢ ግን ሦስት የተለያዩ ቁልፎች። ቁልፍ ላይ ስም ሳይሆን መለያ አድርጉ። ስም የግድ ከሆነ ግን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ የሚመልስ ፈንክሽን ጻፉ፤ ሲመዘገብም ሲፈለግም በዚያው ይለፍ።

5. ከማስኬዳችሁ በፊት ተመልከቱ። ኤሌክትሮዲቢ ጥያቄውን ሳይልክ ምን ሊልክ እንደነበር የሚያሳይ «ፓራምስ» የተባለ ሜተድ አለው። ለእኔ ከላይብረሪው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የተገጣጠመውን ቁልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከአማዞን ኮንሶል ገብቶ ቁልፍ በእጅ መነካካት ግን ይቅርባችሁ።

6. ሁለቱን ኢንቲቲዎች በአንድ ሰርቪስ አስገቡና ኮሌክሽን (አብረው የሚነበቡ ኢንቲቲዎች የጋራ ስም) ስጧቸው። አባላቱና ክፍያዎቹ ያኔ በአንድ ጥያቄ ይመጣሉ። የኮሌክሽኑም ስም ቁልፍ ውስጥ ስለሚገባ ተራ 3 ላይ ኢንቲቲዎቹን ስትገልጹ ወስኑት። አንድ ኩዌሪ (በቁልፍ የሚደረግ ጥያቄ) በአንዴ የሚያነበው እስከ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ትልቅ እቁብ ከሆነ ከመልሱ ጋር ከርሰር (ንባቡ የት እንደቆመ የሚጠቁም ምልክት) ይመጣል። ከርሰሩ ባዶ እስኪሆን መልሳችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ የከፈለ አባል ያልከፈለ ሆኖ ይታያል።