ጎዶሎ ፋክቶሪያል ሙከራ፦ ዳታው ሲተነተን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ጥምቀት አልፎ ከተማው ሲረጋጋ፣ የክረምቱን ዳታ ይዘው ላፕቶፕ ፊት የሚቀመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይበዛሉ። ስንዴው ዳባት ወይም ደባርቅ ተዘርቷል፣ ታጭዷል፣ ተወቅቷል፣ ተመዝኗል። የቀረው አኖቫው (የአማካዮችን ልዩነት የሚፈትነው ስሌት) ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው። ሙከራው ፋክቶሪያል፣ ማለትም የሚፈተኑትን ነገሮች (ፋክተሮች) መጠኖች ሁሉ እርስ በርስ የሚያጣምር፣ ይባል እንጂ አንዳንዴ ሙሉ አይደለም፤ ጭራሽ ያልተዘሩ ጥምረቶች አሉ። ሶፍትዌሩ ደግሞ ጉድለቱን ጮክ ብሎ አይናገርም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ናይትሮጅን በሄክታር 0፣ 46 እና 92 ኪሎ። ፎስፈረስ በፒ2ኦ5 (የማዳበሪያ ፎስፈረስ መጠን በሚገለጽበት ውህድ) ሲሰላ 0፣ 38 እና 76 ኪሎ። ሲባዛ 9 ጥምረት ይሆናል። ግን የፎስፈረሱ ምንጭ ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ከሆነስ? 100 ኪሎ ኤንፒኤስ ከ38 ኪሎ ፒ2ኦ5 ጋር 19 ኪሎ ናይትሮጅንና 7 ኪሎ ሰልፈር ይዟል። ኤንፒኤስ እየጨመሩ ናይትሮጅንን 0 ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ጥምረቶች ከመነሻው የሉም። 7 ብቻ ቀሩ።

1. ያልተዘራውንና የጠፋውን አንድ አድርጎ ማየት

ከብት ገብቶ አንድ ፕሎት (የሙከራ መደብ) ቢበላ፣ የጠፋው ያ ፕሎት ብቻ ነው። ጥምረቱ በሌሎቹ ብሎኮች (ሙከራው በተደገመባቸው ክፍሎች) ውስጥ አለ፤ ሞዴሉም ከዚያ ተነስቶ አማካዩን ያስተካክላል። ያልተዘራ ጥምረት ግን የትም የለም። ሁለቱን ለይታችሁ ጻፉ።

ከብት በበላው ፕሎት ቦታ 0 እንዳትሞሉ። ባዶ ይተው። ሰብሉ በማዳበሪያው ተቃጥሎ ምርት ካልሰጠ ግን 0 እውነተኛ ዳታ ነው። እሱን ባዶ ማድረግ የትሪትመንቱን (የተፈተነውን የማዳበሪያ ጥምረት) ጥፋት መሸፈን ነው።

2. ጥሬ አማካዮችን ማወዳደር

ከሁሉም የሚከፋው ይኼ ነው። ለማሳያ ያህል እንዲህ እንበል። ምንም ማዳበሪያ ያላገኘው በሄክታር 12 ኩንታል ሰጠ። 46 ኪሎ ናይትሮጅን ያገኘው፣ ፎስፈረሱ 0፣ 38 እና 76 ሲሆን በቅደም ተከተል 18፣ 22 እና 24 ሰጠ። 92 ኪሎ ያገኘው ደግሞ 22፣ 26 እና 28።

ፎስፈረስን ከ0 ወደ 38 ማሳደግ ስንት ኩንታል ጨመረ? ከ18 ወደ 22፣ ከ22 ወደ 26። በሁለቱም 4 ኩንታል ነው።

አሁን የፎስፈረስን አማካይ በየዓምዱ አውጡ። 0 ላይ ያሉት 12፣ 18 እና 22 ናቸው፤ አማካያቸው 17.3። 38 ላይ ያሉት 22 እና 26 ብቻ ናቸው፤ አማካያቸው 24። ልዩነቱ 6.7 ሆነ! ትርፉ 2.7 ኩንታል ከየት መጣ? ከ12ቱ ነው። ናይትሮጅን ያጣው ፕሎት በአንደኛው ወገን ብቻ ተቆጠረ። የናይትሮጅን ሥራ ለፎስፈረስ ተጻፈለት።

ናይትሮጅኑም ከዚህ አያመልጥም። ከ0 ወደ 46 ሲኬድ ጥሬ አማካዩ ከ12 ወደ 21.3 ይዘላል፤ 9.3 ኩንታል። ፎስፈረስ በሌለበት፣ ማለትም እኩል በእኩል ሲታይ ግን ከ12 ወደ 18 ነው፤ 6 ኩንታል ብቻ። ይህ የነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። 6.7 የሚለው ቁጥር በልማት ሠራተኛው በኩል ገበሬው ጋ ከደረሰ፣ ሰውየው በብድር ለገዛው ማዳበሪያ የማይመጣ ምርት ይጠብቃል።

3. ባዶውን በግምት መሙላት

"12 ላይ 4 እንጨምር፣ 16 ይሆናል፣ ሠንጠረዡም ይሞላል" የሚል ይኖራል። ይህ ማለት ፎስፈረስ ያለ ናይትሮጅንም ያንኑ 4 ኩንታል ይጨምራል ብሎ አስቀድሞ መወሰን ነው። ሙከራው የተሠራው ይህንኑ ለመጠየቅ ነበር እኮ! በዚያ ላይ ያልተለካ ቁጥር እንደተለካ ሲቆጠር ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (ዳታው የያዘው የነጻ መረጃ ብዛት) ያለአግባብ ያብጣል።

4. የወጣውን ሠንጠረዥ እንዳለ መቀበል

አር በተባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አኖቫ የሚለው ትዕዛዝ ፋክተሮችን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው የሚፈትነው። ዳታው ሚዛኑን ካልጠበቀ፣ ናይትሮጅንን አስቀድሞ መጻፍና ፎስፈረስን አስቀድሞ መጻፍ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። "ታይፕ 3 (ቅደም ተከተሉን የማይከተለው የአኖቫ ስሌት) ይፈታዋል" ይባላል። ባዶ ጥምረት ካለ አይፈታውም፤ ምን እየፈተነ እንደሆነ ለመናገር ራሱ ይቸግራል። ሳስ የተባለው ሶፍትዌር ታይፕ 4 ለባዶ ጥምረት ተብሎ የመጣ ቢሆንም መልሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ሊለወጥ ይችላል። አር በኮኤፊሸንት ቦታ ኤንኤ (ዋጋ የለም) ብሎ ሲጽፍላችሁም አትበሳጩ፤ ይህን ከዚህ ዳታ ማወቅ አይቻልም ማለቱ ነው።

እኔ የምመርጠው መንገድ ቀላል ነው። 7ቱን ጥምረቶች እንደ 7 ትሪትመንት በአንድ ፋክተር አስገቡ። 6 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ታገኛላችሁ። ከዚያ በኮንትራስት (አስቀድሞ በተመረጡ ንጽጽሮች) ከፋፍሏቸው። 1ዱ ማዳበሪያ ያላገኘውን ከሌሎቹ ለማነጻጸር፣ 1ዱ ናይትሮጅን 46ን ከ92 ጋር፣ 2ቱ ለፎስፈረስ፣ 2ቱ ለመስተጋብሩ (የአንዱ ውጤት በሌላው መጠን መለዋወጡን ለማየት)። ከመጀመሪያው በቀር ሌሎቹ ሙሉ ከሆነው 2 በ 3 ክፍል (46 እና 92 ናይትሮጅን ከሦስቱ የፎስፈረስ መጠኖች ጋር) የሚወጡ ናቸው። እያንዳንዱ ጥያቄ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ትችላላችሁ። ዲፌንስ ላይም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

5. "መስተጋብር የለም" ብሎ መደምደም

ሙሉ ቢሆን መስተጋብሩ 4 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ነበረው። እዚህ 2 ብቻ ነው፤ እነሱም በ46 እና በ92 መካከል ያለውን ብቻ ያያሉ። ናይትሮጅን በሌለበት ፎስፈረስ ምን እንደሚያደርግ ዳታው ዝም ብሏል። መመረቂያ ጽሑፉም ዝም ይበል።

6. ሰልፈሩን መርሳት

ፎስፈረስ 76 ያገኘው ፕሎት 14 ኪሎ ሰልፈርም አግኝቷል። ስለዚህ "የፎስፈረስ ውጤት" የምንለው የሁለቱ ድምር ነው፤ የትኛውም ስታትስቲክስ አይለያቸውም። የናይትሮጅኑንም ሒሳብ መለስ ብላችሁ እዩ። 100 ኪሎ ኤንፒኤስ በተጨመረበት 46 ለማድረስ ከዩሪያ የሚመጣው 27 ኪሎ ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ 59 ኪሎ ዩሪያ ገደማ። ሙሉ 100 ኪሎ ዩሪያ ከተጨመረ ናይትሮጅኑ 65 ሆኗል፤ ያኔ ፋክተሮቹ ወረቀቱ ላይ እንዳሉት አይደሉም ማለት ነው።

ለመጪው ክረምት ገና ያልዘራችሁ ካላችሁ፣ ቲኤስፒ የተባለውን የፎስፈረስ ማዳበሪያ ማግኘት ከቻላችሁ ናይትሮጅን ስለሌለው 9ኙም ጥምረት ይሠራል። ግን በሁሉም ፕሎት የፎስፈረሱ ምንጭ እሱ ይሁን። ለጎደሉት ሁለቱ ብቻ ቲኤስፒ፣ ለሌሎቹ ኤንፒኤስ ከሆነ ሰልፈሩ እንደገና ይቀላቀልባችኋል።